ለአብጃታ የሚተርፍ ውሃ

አብጃታ ሐይቅን የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው። ላንጋኖን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለእረፍት ይኬድበታል፣ ይዋኝበታል፣ ድንኳን ይተከልበታል። ዝዋይ ሲባል አሳ ትዝ ይላል። ሐዋሳማ ሐይቁና ከተማው አይነጣጠሉም። አብጃታን ግን ከላንጋኖ የሚለያት አስፋልቱና ከመንገዱ ዳር ያለው ግራር ብቻ ሆኖ ሳለ አልፈናት ነው የምንሄደው።

ከአዲስ አበባ ወደ ሻሸመኔ ሲወረድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በቀኝ በኩል ናት። በዚያ መንገድ ሌት ተቀን መኪና ይጎርፋል። አብዛኛው ተሳፋሪ በግራ በኩል ያለውን ላንጋኖን እያየ ያልፋል። ወደ ቀኝ የዞረ ሰው ከሩቅ የሚያየው ነጭ ሜዳ ነው። ነጩ ሶዳ ነው። ሶዳው የተኛበት መሬት ደግሞ የሐይቋ ወለል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአብጃታ ስፋት 200 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ሠላሳ ምናምን ዓመት ቆይቶ ሲለካ ከግማሽ በታች ወርዶ ተገኘ። ያኔ ዳርቻዋ ላይ ከብት ያጠጣ የነበረ ልጅ ዛሬ ቦታው ላይ ቢቆም፣ ውሃው ጋ ለመድረስ ብዙ መራመድ አለበት።

ስለዚህች ሐይቅ ሳስብ እረፍት የሚነሳኝ አንድ ነገር አለ። «ያደረቃት እገሌ ነው» ተብሎ ጣት የሚቀሰርበት ሰው የለም። ከእሷ የወሰደ ሁሉ በምክንያት ነው የወሰደው። ምክንያቱን አንድ በአንድ ስሰማ እውነት አለው እላለሁ። ሽንኩርት ያስፈልገናል። ሥራ ያስፈልገናል። የውጭ ምንዛሪ ያስፈልገናል። ጠርሙስና ሳሙና ያስፈልገናል። እያንዳንዱ ልክ ሆኖ፣ ሲደመር ግን ሐይቅ ይደርቃል።

ነገሩ እንዲገባን ውሃው ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ እንከተለው። ከምሥራቅ፣ ከአርሲ ተራሮች፣ ከነጭላሎ ግርጌ ቀታር ወንዝ ይወርዳል። ከምዕራብ፣ ከጉራጌ ደጋ፣ መቂ ወንዝ ይመጣል። ሁለቱም የሚገቡት ዝዋይ ነው። ዝዋይ ሰፊ ሐይቅ ነው፤ 430 ስኩዌር ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ጥልቀት ግን የለውም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ የቀረው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ዝዋይ ሞልቶ ሲተርፈው በደቡብ በኩል ይፈስሳል። ያ ትርፍ ቡልቡላ ወንዝ ይሆናል። ቡልቡላ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ 60 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ከዚያ አብጃታ ይገባል። ከላንጋኖም ሆራ ቀሎ የምትባል አጭር ወንዝ ትቀላቀላለች።

ከዚያ ወዲያ መሄጃ የለም። ከአብጃታ የሚወጣ ወንዝ የለም። ውሃው የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ወደ ሰማይ። በዚያ አገር ፀሐይ ከሐይቅ ላይ በዓመት ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ታተናለች። ዝናቡ የዚህን ግማሽ እንኳ አይመልስም። ጉድለቱን የሚሸፍኑት ወንዞቹ ናቸው። ቡልቡላ ሲቀንስ ሐይቋ ትሸሻለች። ፀሐይ የምትወስደውና ወንዝ የሚያመጣው እስኪተካከል ድረስ ትሸሻለች። በቃ፣ ሒሳቡ ይኸው ነው።

የጨዋማነቷም ምክንያት ይኸው ነው። እሳት ላይ የቆየ ወጥ ውሃው እየሄደ ጨው ብቻ እንደሚቀረው ማለት ነው። ወንዞቹ በየዓመቱ ከድንጋዩና ከአፈሩ ጥቂት ጥቂት ማዕድን ይዘው ይመጣሉ። ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። ሐይቋ በሰፋች ቁጥር ይቀጥናል፤ ባነሰች ቁጥር ይወፍራል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ። «ሐይቅ በራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ የሰው እጅ ምን አደረገ?» የሚሉ አሉ። የመጀመሪያው ክፍል እውነት ነው። ከ9,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናብ በበዛበት ዘመን ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ አንድ ትልቅ ሐይቅ ነበሩ። ሐይቁ ሞልቶ ወደ አዋሽ ይፈስስ ነበር። ሲደርቅ አራት ሆነ። አብጃታም ከዚያ ወዲህ ከዝናቡ ጋር ስትወጣና ስትወርድ ኖራለች። ዝናብ ሲጠፋ ትሸሻለች፣ ዝናብ ሲመለስ እሷም ትመለሳለች። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ግን ዝናቡ ሲመለስ እሷ የምትመለሰው እያነሰ መጣ። ዝናቡ ደጋው ላይ ይዘንባል። ውሃው ግን መንገድ ላይ ይቀራል።

መንገድ ላይ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ። አንዱ አጎቴ ነው።

ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ መቂ ነው የሚኖረው። የእናቴ ወንድም ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ልጅ እያለሁ ክረምት ጠብቆ በቆሎ ይዘራ ነበር። ዝናብ የቀረ ዓመት ጎተራው ባዶ ነው። በኋላ የውሃ ሞተር ገዛ። ፕላስቲክ ቱቦ ዘረጋ። ከራሱ መሬት ሌላ ከጎረቤት በኮንትራት ያዘ። ሽንኩርትና ቲማቲም ጀመረ። በዓመት አንድ ጊዜ የነበረው ምርት ሁለትም ሦስትም ጊዜ ሆነ። የሳር ቤቱ ቆርቆሮ ሆነ። ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። እናቴ ስትታመም ቶሎ ብሎ ብር የላከው እሱ ነው። ያ ብር የሽንኩርት ብር ነው። ሽንኩርቱ ደግሞ ውሃ ነው።

አንድ ቀን እርሻው ዳር ቆመን ሞተሩ እየጮኸ፣ «ጋሼ፣ ውሃውን ማን ነው የሚመድብላችሁ?» አልኩት።

«ማን ይመድባል ልጄ? ሞተሩን ማስነሳት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የሚከፍለው ለነዳጅ ነው። ለውሃው የሚከፍለው የለም። ነዳጅ ሲወደድ ያማርራል፣ መለዋወጫ ሲጠፋ ያማርራል፤ የውሃውን ነገር ግን አስቦት አያውቅም፣ ምክንያቱም እስካሁን ጠፍቶበት አያውቅም። በዙሪያው ያለውም ሰው እንደሱ ነው። በሐይቁ ዳርና በወንዞቹ ዳር የተደረደረው ሞተር ሁሉ እንዲህ ነው የሚነሳው። ጠዋት ቤንዚን፣ ቀን ቦይ መክፈት፣ ማታ ማጥፋት።

አንድ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል። ቲማቲም በአንድ ጊዜ ሲደርስ ዋጋው ይወድቃል። ደላላው በሳጥን የሚሰጠው ገንዘብ የለቃሚ ደሞዝ እንኳ አይሸፍንም። ያኔ ቲማቲሙ ሳይለቀም እዚያው ይበሰብሳል። ቀዩን ማሳ አይቼዋለሁ። ለሦስት ወር ያህል ከሐይቅ የተሳበ ውሃ ነው መሬት ላይ የሚፈርጠው። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ አዲስ አበባ አትክልት ተራ ላይ ቲማቲም ተወደደ ተብሎ እንጮኻለን። አምራቾቹ በፈረቃ እንዲተክሉ የሚያስተባብር፣ የተረፈውን ወደ ድልህ የሚለውጥ ቢኖር ስንት ውሃ ይድን ነበር። ስለ ሐይቅ መድረቅ ስናወራ የገበያውን ነገር ማንሳት አልተለመደም፤ ለእኔ ግን ዋናው ቦታ ላይ ነው ያለው።

ከሞተሩ ቀጥሎ ትልልቆቹ መጡ። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዝዋይ ዳር የጽጌረዳ እርሻ ተስፋፋ። ከመንገዱ ሆኖ የሚታየው የላስቲክ ቤት ማለቂያ የለውም። አበባው በአውሮፕላን አውሮፓ ይገባል፤ አብዛኛው ሆላንድ። ቀጥሎ የወይን እርሻ ተተከለ፣ እዚያው የሚጠመቅ ወይን ጠጅም ገበያ ወጣ። የዝዋይ ከተማ ራሷ አድጋ ባቱ በሚለው ስሟ ሌላ ከተማ መስላለች። ለብዙ ሺህ ሰው፣ በተለይ ለወጣት ሴቶች፣ ሥራ ተገኝቷል። ከገጠር መጥተው የመጀመሪያ ደሞዛቸውን እዚያ የቆጠሩ ልጆች አሉ። ይህ ሥራ አያስፈልጋችሁም ብዬ አልነግራቸውም። የሚመልሱልኝንም አውቃለሁ።

የአበባና የአትክልት ኬሚካል ጣጣም አለ። የተረጨው ሁሉ ቅጠል ላይ አይቀርም፤ ዝናብ ሲመጣ ታጥቦ ሐይቅ ይገባል። ማዳበሪያውም እንዲሁ። ማዳበሪያ የገባበት ሐይቅ ደግሞ ለእምቦጭ ይመቻል፣ እምቦጭም ዝዋይ ላይ ታይቷል። የከተማው ሰው የሚጠጣው፣ ደሴቶቹ ላይ የሚኖሩት ዛዮች በታንኳ የሚቀዝፉበት ይኸው ውሃ ነው። ይህ ለብቻው ሰፊ ጉዳይ ነው፣ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ወደ መጠኑ ልመለስ። ዝዋይ ጥልቀት የለውም ብያለሁ። ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ቡልቡላ የሚፈስሰው ዝዋይ ከአፉ በላይ ሲሞላ ብቻ ነው። ውሃው በትንሹ ዝቅ ካለ ወንዙ ይቀጥናል፣ ይብስ ከወረደ ይቆማል። ዝዋይ ላይ ቆሞ ያየው ሰው ምንም የጎደለ አይመስለውም። ሰፊ ውሃ ነው፣ ጀልባ ይሄዳል፣ አሳ ይወጣል። ጉድለቱ የሚታየው ታች ነው። ቡልቡላ በበጋ እስከ መቋረጥ የደረሰባቸው ዓመታት አሉ። ከብት አርቢው ውሃ ፍለጋ የወንዙን አሸዋ ይቆፍራል። ከወንዙ መጨረሻ ላይ ያለችው ሐይቅ ደግሞ አንድ ሜትር ሌላ ሜትር ትሸሻለች።

አብጃታ ራሷም ላይ የተተከለ አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ዳርቻዋ ላይ ሥራ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። የሐይቁን ውሃ በፓምፕ ስቦ ሰፋፊ ኩሬ ውስጥ ማሰጣት ነው። ፀሐይ ውሃውን ትወስዳለች፣ ሶዳው ይቀራል፣ ይታፈሳል። ሶዳ አሽ ለጠርሙስና ለመስታወት፣ ለሳሙና፣ ለቆዳ ፋብሪካ ያስፈልጋል። ጎረቤታችን ኬንያ ማጋዲ ሐይቅ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ይህንኑ ስታመርት ኖራለች። እኛም ከውጭ ከምናስገባ ብለን ጀመርነው። ሐሳቡ የአገር ሐሳብ ነው፣ ክፉ አልነበረም።

ቦታው ግን! አብጃታና ሻላ እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው። የተከለለውም በዋናነት ለውሃ ወፎች ተብሎ ነው። ለወፎች ብለን ካጠርነው ግቢ ውስጥ፣ ወፎቹ የሚኖሩበትን ውሃ ስቦ ለፀሐይ የሚሰጥ ፋብሪካ ተከልን። ሁሉም ምክንያት አለው ብዬ ጀምሬያለሁ፤ ይህን ግን አሁንም መቀበል ያቅተኛል። የፋብሪካው ድርሻ ስንት ነው፣ የመስኖው ስንት ነው የሚል ክርክር ለዓመታት ተካሂዷል። ወደ ፋብሪካው ሲኬድ ጣቱን ወደ ላይ፣ ወደ መስኖው ይቀስራል። መስኖው ወደ ድርቁ ይቀስራል። ሐይቋ ለማንም መልስ አትሰጥም።

አሁን ወደ ወፎቹ፣ ወደ ፔሊካኖቹ ልምጣ። የዚህ ሁሉ ዋጋ የተከፈለው በእነሱ ነውና።

ሻላ ከአብጃታ አጠገብ ነው፤ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። እሳተ ገሞራ ባፈረሰው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሲሆን ጥልቀቱ 260 ሜትር ያልፋል። ውሃው ሶዳ ነው፤ ለወፍ የሚበቃ አሳ የለውም። ነገር ግን ደሴቶች አሉት። ደሴቶቹ ላይ ጅብ አይደርስም፣ ቀበሮ አይደርስም፣ ሰውም እንደልቡ አይደርስም። ነጭ ፔሊካኖች እንቁላል ለመጣል የመረጡት እዚያ ነው። በአፍሪካ ስማቸው ከሚጠራ የነጭ ፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ይህ የሻላ ደሴት ነበር።

ጎጆው ሻላ፣ ምግቡ አብጃታ ነበር። ጠዋት መሬቱ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል። ፔሊካን ከባድ ወፍ ነው፣ ክንፉን እያራገበ ሩቅ መሄድ አድካሚው ነው። ስለዚህ የሞቀውን አየር ይጠብቃል። ከዚያ መንጋው ክንፉን ዘርግቶ እየዞረ፣ እየዞረ ከፍ ይላል። በሁለቱ ሐይቆች መሃል ያለውን የፊቄ ተራራ ተሻግሮ አብጃታ ላይ ይወርዳል። አብጃታ ያኔ ቆሮሶ የሚባለው አሳ ሞልቷታል። አሳ አጥማጆችም ነበሩባት። አንድ ፔሊካን በቀን ወደ አንድ ኪሎ የሚሆን አሳ ይበላል። ጫጩት ያለው ደግሞ ለሁለት ያድናል። አብጃታ ይህን ሁሉ ትመግብ ነበር።

ከዚያ ሐይቋ አነሰች፣ ሶዳው ወፈረ። ቆሮሶ ብዙ የሚችል አሳ ነው፣ ወሰን ግን አለው። የአብጃታ አሳ አለቀ። አሳ አጥማጆቹ ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። ፔሊካኖቹ ደግሞ ምግብ ፍለጋ እስከ ዝዋይ መሄድ ግድ ሆነባቸው። ያ ለጫጩት ምግብ ተሸክመው የሚመላለሱበት ርቀት አይደለም። መራቢያው ተመናመነ።

ዝዋይ ከተማ ከሐይቁ ዳር አሳ የሚራገፍበት ቦታ አለ። ፔሊካንና አባ ኮዳ ተሰልፈው የአሳ ሆድ ዕቃ ይጠብቃሉ። ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፣ ልጆች ይስቃሉ። ደስ የሚል ትርዒት ነው። እኔ ግን እነዚያን ትልልቅ ወፎች ከሰው እጅ ቁራጭ ሲጠብቁ ሳይ ደስ አይለኝም። የራሳቸው ማዕድ የነበረበትን ቦታ አውቀዋለሁ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አብጃታ ዛሬም ፍላሚንጎ አላት። ፍላሚንጎ አሳ አይፈልግም፤ ሶዳ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ዋቅላሚ (አልጌ) አጣርቶ ነው የሚበላው። በፓርኩ በር ገብታችሁ፣ ሰጎኖቹን አይታችሁ፣ ሐይቋ ጋ ስትደርሱ ሮዝ የለበሰ ውሃ ሊያጋጥማችሁ ይችላል። ውብ ነው። «ማን ነው ሞተች ያለው?» ትላላችሁ። ፎቶውም ሲለጠፍ እንዲሁ ነው የሚመስለው። የጠፋው ወፍ ፎቶ ውስጥ አይገባም።

የየብሱም ነገር ከውሃው አይሻልም። ፓርኩ የግራር አገር ነበር። ቡልቡላን ስታልፉ መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ አይታችኋል። ያ ግራር ነው። የአዲስ አበባና የአዳማ ጀበና የሚፈላው በእሱ ነው። አሸዋውም እየተቆፈረ በገልባጭ መኪና ይወጣል፤ ከተማ ውስጥ ፎቅ ይሆናል። ፓርኩ ውስጥ ከብቱን ይዞ የሚኖረውን ገበሬ «ዛፍ ቆረጥክ» ማለት ይቀላል። ከሰሉን ማን ገዛው ማለት ይከብዳል። ከዚያ አለፍ ብሎ አርሲ ነገሌ በአረቄው ስሙ የታወቀ ነው፤ አረቄ ደግሞ ያለ ማገዶ አይወጣም። የሙኔሳን ደን ያየ ሰው ማገዶው ከየት እንደሚመጣ ይገባዋል።

ከአብጃታ ጋር ሁሌ የማስተያየው ሌላ ሐይቅ አለ፤ ሐረማያ። እሱም ደረቀ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ላይ ውሃ የነበረበት ቦታ ላይ ከብት ይግጥበት ነበር። ምክንያቱም ተመሳሳይ ነው፤ ለጫትና ለአትክልት የሚሳብ ውሃ፣ ለሐረር ከተማ የሚጠጣ ውሃ፣ ከተራቆተው ኮረብታ ታጥቦ የገባ ደለል። ነገር ግን ሐረማያ ሲደርቅ አገር ሰማ። የሐረር ቧንቧ ደረቀ። ሰው ውሃ በጀሪካን ገዛ። ዩኒቨርሲቲው ሐይቁ አጠገብ ነበር፣ ተማሪው በዓይኑ አየ። ለሐረር ከድሬዳዋ አካባቢ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት፣ ከጉድጓድ በቧንቧ ውሃ ተሳበላት። በዙሪያው ያለው ኮረብታ ላይ እርከን ተሠራ፣ ችግኝ ተተከለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጥሩ ዝናብ ተጨምሮበት ሐረማያ ውሃ ይዟል፣ ጀልባም ታይቶበታል። እንደ ድሮው ጸንቶ ይቆያል ብዬ አልምልም። መመለሱን ግን ሰው አይቶ ተደስቷል።

ልዩነቱ ይኼ ነው። ሐረማያ ባለቤት ነበረው። ሲጎድል የሚጮህ ከተማ ነበረው። አብጃታን የሚጠጣት የለም። ውሃዋ ለመስኖ አይሆንም። አሳዋ ካለቀ በኋላ አጥማጅም የላትም። ስትደርቅ የማንም ቧንቧ አይቋረጥም። ከላይ ያለው ሁሉ ድርሻውን ሲወስድ «የእኔስ?» የሚል አፍ የላትም። የዓለም ትልልቅ ሐይቆችም በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት። አራል ባሕር እ.ኤ.አ. በ1960 በስፋቱ በዓለም አራተኛ የነበረ ሐይቅ ነው። እሱም እንደ አብጃታ መውጫ የለውም። የሚገቡበት ሁለት ወንዞች ለጥጥ መስኖ ተጠለፉ፣ ሐይቁም በረሃ ሆነ። ደግነቱ ታሪኩ እዚያ ላይ አላበቃም። ካዛኪስታን እ.ኤ.አ. በ2005 በሰሜኑ ክፍል ግድብ ሠርታ፣ ከአንዱ ወንዝ የሚገባው ውሃ እዚያው እንዲቆይ አደረገች። ውሃው ጨመረ፣ ጨውነቱ ቀነሰ፣ አሳ ተመለሰ፣ አጥማጅ ተመለሰ። ደቡቡ አልዳነም። ሰሜኑ የዳነው ውሃ ስለተመደበለት ነው።

እኛ ጋ የሚነሳው መፍትሔ ብዙ ጊዜ ቁጠባ ነው። ጠብታ መስኖ ይግባ፣ ቦዩ ይሸፈን፣ ገበሬው ይሠልጥን ይባላል። ጥሩ ነው። እኔም አጎቴን ጠብታ መስኖ እንዲሞክር ጎትጉቼዋለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ። መቂ አካባቢ ጠብታ መስኖ ያስገባ ሰው ውሃ ሲተርፈው ምን ያደርጋል? ሌላ መሬት በኮንትራት ይይዛል። በድሮው ውሃ ሁለት እጥፍ ያለማል። ለእሱ ትልቅ ዕድል ነው፣ አልፈርድበትም። ለአብጃታ ግን ጠብታ አይጨምርላትም። ገደብ ካልተበጀለት የተቆጠበው ውሃ ወደ ቡልቡላ አይወርድም።

ስለዚህ የእኔ እምነት ቀላል ነው። አብጃታ እንደ አንድ የውሃ ተጠቃሚ ትቆጠር። ውሃው ሲከፋፈል ለአበባው ይህን ያህል፣ ለወይኑ ይህን ያህል፣ ለሞተሩ ይህን ያህል እንደሚባለው፣ ለእሷም በቡልቡላ በኩል ይህን ያህል ይባልላት። የሚያስፈልጋት ሁሉ አይደለም፤ አሳ የሚኖርባት ያህል። እሱ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ሌላው የቀረውን ይካፈል። እስካሁን የሄድንበት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ሁሉም ወስዶ ሲጨርስ የሚተርፈው የእሷ ነው። የሚተርፍ ነገር ደግሞ የለም።

ባለፈው መቂ ስሄድ ይህን ለአጎቴ ነገርኩት። ምሳ በልተን ቡና እየተጠጣ ነበር። ዝም ብሎ አዳመጠኝ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፣ አልተቆጣም።

«አንቺ የምትይው ገብቶኛል» አለ። «እኔ ሞተሬን ባጠፋ ያ ውሃ አብጃታ መድረሱን ማን ያሳየኛል? ከታች ያለው ሰው ያስነሳዋል።»

መልስ አልነበረኝም። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። ገበሬው ስግብግብ ሆኖ አይደለም የሚስበው። ቢተወው ሌላው እንደሚወስደው ስለሚያውቅ ነው።

«ለሁሉም ቆጣሪ ይተከል ቢሉ ይስማማሉ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበ። «መጀመሪያ ትልልቆቹ ጋ ይተከል። የእነሱን እንይ። ከዚያ እኛ ጋ ያምጡት፣ እሺ ነው የምንለው። የቆጠረውንም ቀበሌው ላይ ይለጥፉት፣ ማን ስንት እንደሳበ ሰው ሁሉ ይየው። ቡልቡላ ድልድይ ላይ ስንት እንዳለፈም እዚያው ይለጥፉልን» አለኝ።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ስብሰባ ተካሂዷል፣ ብዙ ጥናት ተጽፏል። እንደ አጎቴ ቅደም ተከተሉን ያስቀመጠ ሐሳብ ግን አልሰማሁም። ወንዝ የሚለካበት መሣሪያ አለ፣ ባለሙያም አለ። በቡልቡላ ድልድይ ሥር በየቀኑ የሚያልፈው ውሃ ተለክቶ በዝዋይ፣ በአዳሚ ቱሉና በቡልቡላ ቀበሌዎች ቢለጠፍ፣ በሬዲዮም ቢነበብ፣ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው ሰው አይጠፋም። አጎቴ የመጀመሪያው ይሆናል።